የጎጃም ግብጦና የዘሩ ካርታ

የአንድ አገር ሀብት በሣጥን የሚቈለፈውና በመዝገብ የሚጻፈው ብቻ አይደለም። ከአያት ለአባት፥ ከአባት ለልጅ ሲወርድ የመጣው ዘርም፥ ምንም እንኳ በባላገር ቤት በጎታ ተከቶ የሚኖር ቢሆን፥ ታላቅ የአገር ሀብት ነው። ነገር ግን በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራልና፥ የገዛ ዘራችንን ዋጋ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ከሩቅ አገር ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ለሹማምንቱም ለካህናቱም ልንገልጸው የወደድነው የግብጦ ነገር ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ይሆናል።

በጎጃም ግብጦን የማያውቅ የለም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ ግራና ቀኝ የሚያየው የጃቢ ጠህናንና የቡሬ እርሻ በበቈሎና በበርበሬ የታወቀ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰከላ ደጋ፥ የግዮን ምንጭ ወደሚገኝበት ወደ ግሽ ዓባይ አገር ሲወጣ ግን ዝናሙ የጠናበት፥ አፈሩም አሲዳማ የሆነ መሬት ያገኛል። ግብጦ የሚወደደው በእንዲህ ያለው መሬት ነው። የክልሉ የእንስሳት መኖ መርማሪዎች እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010 ባሳተሙት ጥናት በሰከላ፥ በሜጫ፥ በዳንግላና በአለፋ ያለውን የግብጦ እርሻ ተመልክተው፥ ገበሬው ብዙ ጊዜ ሳያርስለት፥ ማዳበሪያ ሳይጨምርለት፥ አረም ሳያርምለት የሚያበቅለው እህል መሆኑን ገልጸዋል። (ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር ሥራ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ይህ እህል እንዲህ በጥቂት ድካም የሚበቅልበት ምክንያት በሥሩ ነው። አንደኛ፥ በሥሩ ላይ በሚኖሩ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ረዳትነት ናይትሮጅንን ከነፋስ ወስዶ መሬቱን ያለማል። ሁለተኛ፥ ችምችም ያሉ ቀጫጭን ሥሮች አውጥቶ ኮምጣጣ ፈሳሽ ያፈስሳል፤ በዚህም ፈሳሽ፥ አሲዳማ አፈር አስሮ የያዘውንና ሌላው እህል ሊያገኘው የማይችለውን ፎስፎረስ ፈትቶ ይወስዳል። ገበሬው የዚህን ምክንያት በኬሚስትሪ ቋንቋ ባይናገረውም፥ የደከመ መሬቱን ግብጦ ዘርቶ ማሳረፍ እንደሚገባ ከአባቶቹ ተምሮ ያውቃል።

የግብጦ ፍሬ ከመቶ 30 እስከ 40 እጅ የሚሆን ፕሮቲን አለው፤ ይህም ከባቄላና ከሽንብራ የሚበልጥ ነው። ሥጋና ወተት በማይበላበት በዐቢይ ጾም ወራት ለሰውነት የሚሆን ብርቱ ምግብ ከዚህ በላይ በቅርብ የሚገኝ አይደለም። ነገር ግን እንዳለ አይበላም፤ መራራ ነው። ስለዚህ ይቈላል፥ ከዚያም በወራጅ ውሃ ወይም ውሃው በየጊዜው በሚለወጥ ዕቃ ውስጥ ብዙ ቀን ይዘፈዘፋል። መራራነቱ ሲለቅ ተፈልፍሎ እንደ ቈሎ ይበላል። የቀረውም ለአረቄ ይሆናል፤ የግብጦ አረቄ በጎጃም ስሙ የታወቀ ነው። ይህን ሁሉ ውሃ የሚቀዳው፥ ወደ ወንዝ የሚወርደው፥ የሚጠብቀውም አብዛኛውን ጊዜ የቤት እመቤቲቱ ናት። ቸኵሎ ከመዘፍዘፊያው ያወጣ ሰው ግን ይታመማል፤ አፉ ይደርቃል፥ ራሱን ያዞረዋል፥ ዓይኑም ይፈዝዛል።

የዚህ መራራነት ምክንያት አልካሎይድ የሚባል ነገር ነው። በኢትዮጵያ ግብጦ ውስጥ የሚገኘው አልካሎይድ ከመቶ አንድ እጅ ገደማና ከዚያም በላይ ሲሆን፥ አውስትራልያና አንዳንድ የኤውሮፓ መንግሥታት ለምግብ የፈቀዱት መጠን ከዐሥር ሺህ ሁለት እጅ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ መራራነቱ ያለ ጥቅም የተሰጠው አይደለም። ከብት አይግጠውም፤ ተባይም ብዙ አይደፍረውም። ገበሬው አጥር ሳያጥር፥ እረኛ ሳያቆም የሚያሳድገው ስለዚህ ነው። እንግዲህ የግብጦን መራራነት እንደ ጕድለት ብቻ የሚቈጥር ሰው ነገሩን በግማሽ አይቶታል፤ ለሚበላው ሰው መከራ፥ ለተክሉ ግን ቅጥር ነው።

ግብጦ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በሜዲቴራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮች ከጥንት ጀምሮ ሲዘራ የኖረ ነው፤ ኤውሮፓውያንም ነጭ ሉፒን ይሉታል። በ1920ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሬይንሆልድ ፎን ዜንግቡሽ የሚባል ጀርመናዊ የዘር ዐዋቂ፥ በአፍ ከመቅመስ ይልቅ መራራውን ከጣፋጩ በፍጥነት የሚለይ መመርመሪያ አዘጋጅቶ፥ ከግብጦ ዘመዶች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተክል መረመረ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ጣፋጭ ሆነው ያገኛቸው በእጅ ጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በነጩም ሉፒን ጣፋጭ ተክል ተገኘ፤ ዛሬ በኤውሮፓና በአውስትራልያ የሚዘራው ጣፋጭ ሉፒን አብዛኛው ከእነዚያ ጥቂት ተክሎች የተራባ ነው። ይህ የተደረገው የዘር ካርታ ሳይኖር፥ በትዕግሥትና በመቍጠር ብቻ ነው።

የዘር ካርታ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል። የዚህ ትምህርት መሠረት የተጣለው በገዳም የአትክልት ስፍራ ነው። ግሬጎር ሜንዴል የሚባል መነኵሴ በብሩን ከተማ በሚገኘው ገዳሙ ከ1856 እስከ 1863 አተር እየዘራ፥ የወላጆች መልክ በልጆች ላይ በታወቀ ቍጥርና ሥርዓት እንደሚታይ መርምሮ በ1866 አሳተመ። አንዱ መልክ ገዢ ሆኖ ሲታይ ሌላው ተሰውሮ እንደሚቈይ፥ የተሰወረውም በልጅ ልጅ ተመልሶ እንደሚገለጥ ያሳየ እርሱ ነው። የግብጦ ጣፋጭነት ከተሰወሩት ወገን ነው። መራራውና ጣፋጩ ቢዳቀሉ ልጆቹ ሁሉ መራራ ይሆናሉ፤ ጣፋጭነቱ በልጅ ልጆቹ መካከል ከአራቱ በአንዱ ላይ ብቻ ይታያል።

የቀረውን ለማስረዳት የብራና መጽሐፍን ምሳሌ ብናደርግ የሚቀል ይመስለናል። ማናቸውም ተክል በውስጡ እንደ መጽሐፍ ያለ ትእዛዝ ይዟል። መጽሐፉም በጥራዝ በጥራዝ የተከፈለ ነው፤ ይህን ጥራዝ ሊቃውንቱ ክሮሞሶም ይሉታል። የምስር መጽሐፍ 7 ጥራዝ፥ የግብጦ መጽሐፍ ደግሞ 25 ጥራዝ አለው። እያንዳንዱ ተክል መጽሐፉን በሁለት ቅጅ ይይዛል፤ አንዱን ከአባቱ፥ ሁለተኛውን ከእናቱ ወርሶታል። ለልጁ በሚያስተላልፍበት ጊዜ ግን ሁለቱን ቅጆች እያቀላቀለ አንድ አዲስ ቅጅ ያወጣል። እንግዲህ በአንድ ገጽ ላይ ተቀራርበው የተጻፉ ሁለት ቃላት አብረው ወደ ልጁ ይሄዳሉ፤ ተራርቀው የተጻፉት ግን ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። ስለዚህ የብዙ ልጆችን መልክ ከመጽሐፋቸው ምልክት ጋራ እያስተያዩ የቈጠሩ እንደ ሆነ፥ መራራነትን የሚያዝዘው ቃል በየትኛው ጥራዝ፥ በየትኛው ምልክት አጠገብ እንዳለ መናገር ይቻላል። የዘር ካርታ የሚባለው ይህ ነው።

በዚህ ጥበብ የሚጠቀመው ግብጦ ብቻ አይደለም። በ1997 በጊምቢቹ ወረዳ የምስሩን አዝመራ ዋግ ባጠፋው ጊዜ፥ ከዚያ ወዲህ ገበሬውን ከረዱት አንዱ በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማእከል ተመርጦ የወጣው፥ ዋግን የሚቋቋመው አለማያ የተባለ ምስር ነበረ። ያ ምርጫ የተደረገው ዘር እየዘሩ የታመመውን ካልታመመው በዓይን በመለየት ነው። ዛሬ ግን በካናዳ የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት መሪነት 4 ቢሊዮን ያህል ፊደል ያለው የምስር መጽሐፍ ስለ ተነበበ፥ በሽታን መቋቋም፥ ቶሎ ማበብ፥ በፍሬው ውስጥ የሚገኘው የብረትና የዚንክ ብዛት በየትኛው ስፍራ እንደሚታዘዝ መፈለግ ተችሏል። በደብረ ዘይት በዓይን የተደረገው ምርጫ ከእንግዲህ በመጽሐፉ ንባብ ሊታገዝ ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ግብጦ እንመለስ። በ1996 በምዕራብ አውስትራልያ አንትራክኖስ የሚባል፥ ግንዱን እያጣመመ ፍሬውን እያቈሰለ የሚያጠፋ በሽታ በነጩ ሉፒን ላይ ተነሣ፤ የዚያም አገር የነጭ ሉፒን እርሻ ወደቀ። የእርሻ ሊቃውንቱም ከየአገሩ የተሰበሰበውን ዘር አውጥተው በበሽታው ፈተኑት። ፈተናውን በመቻል የተመሰከረለት ከኢትዮጵያ የሄደው የባላገር ግብጦ ሆነ። ከዚህም ዘር በሽታ የመቋቋምን ኀይል የወረሰ፥ አንድሮሜዳ የሚባል ጣፋጭ ሉፒን በ2005 ለአውስትራልያ ገበሬዎች ታደለ።

የነጭ ሉፒን የመጀመሪያው የዘር ካርታ የተሠራውም በዚሁ ዘር ነው። በ2007 በታተመው በዚህ ካርታ አንደኛው ወላጅ ከኡክራይና የመጣው ኪየቭ ሚውታንት የተባለው ጣፋጭ ሉፒን ሲሆን፥ ሁለተኛው ወላጅ ፒ 27174 ተብሎ በቍጥር የሚጠራው የኢትዮጵያ መራራ ግብጦ ነው። ሊቃውንቱ ሁለቱን አዳቅለው፥ ልጆቹን እስከ ስምንተኛው ትውልድ አሳድገው መረመሩ። በሽታውን የመቋቋም ኀይል በዋናነት የሚመጣው ከሁለት ስፍራ እንደ ሆነ አገኙ፤ አንደኛው ስፍራ ከልዩነቱ ከመቶ 31 እጁን፥ ሁለተኛው 26 እጁን የሚያስረዳ ነው። መራራነትን የሚያዝዘው ስፍራ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። መራራነትና በሽታን መቋቋም በአንድ ገጽ ላይ ተጣብቀው የተጻፉ ቢሆኑ ኖሮ አንዱን ያለ ሌላው መያዝ እጅግ ያስቸግር ነበር። በተለያየ ስፍራ በመጻፋቸው ግን፥ የኢትዮጵያን ግብጦ ጥንካሬውን ሳያጣ ማጣፈጥ እንደሚቻል ታውቋል፤ አንድሮሜዳ የተባለውም ዘር የዚህ ምስክር ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ወደ ፊት ሄዷል። በ2020 በፈረንሳይ ሊቃውንት መሪነት 450 ሚሊዮን ያህል ፊደል ያለው የነጭ ሉፒን መጽሐፍ ተነበበ። በ2023 ደግሞ የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲና የፖሎኝ ሊቃውንት ከሌሎች ጋራ ሆነው፥ ሉፒኑን ጣፋጭ ያደረገው ለውጥ ከዚያ ሁሉ ፊደል የአንዲት ፊደል መለወጥ መሆኑን ገለጹ። ዜንግቡሽ ከሚሊዮን ተክል እየለየ የፈለገው ዓይነት ጣፋጭነት ዛሬ ከአንድ ቡቃያ ቅጠል ጥቂት ቈርሶ በመመርመር ሊታወቅ ይችላል።

ለእኛ ከዚህ የሚከተለው ምንድር ነው? በዚህ ነገር ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ ሊሳሳቱ ይችላሉ። አንደኛው ‹ፈረንጆቹ ያጣፈጡትን ዘር ገዝተን እንዝራ፥ ነገሩ አለቀ› የሚል ነው። ሁለተኛው ‹የዘር መጽሐፍ መመርመር ፍጥረትን መለወጥ ነውና ይቅርብን› የሚል ነው።

ለሁለተኛው መልሱ አጭር ነው። የዘር ካርታ ማውጣት ማንበብ ነው እንጂ መጻፍ አይደለም። በዚህ የምንናገርለት ሥራ ከሌላ ፍጥረት ተወስዶ ወደ ግብጦ የሚገባ ምንም ነገር የለም። ግብጦና ግብጦ በአበባቸው ይዳቀላሉ፤ ይህም ንብ ከአበባ ወደ አበባ ስትዞር የምታደርገው ነው። ካርታው የሚረዳው ከተወለዱት ልጆች የሚፈለገው የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ብቻ ነው። ሜንዴል አተሩን በገዳሙ ሲያዳቅል ያደረገውም ይኸው ነበረ።

ለመጀመሪያው ግን ሰፋ ያለ መልስ ያስፈልገዋል። ሳናቦርና ቪታቦር የተባሉት ሁለት ጣፋጭ የሉፒን ዘሮች በ2006 ዓ.ም. በአገራችን የዘር መዝገብ ገብተዋል። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ለሰውም ለከብትም ምግብ ይሆናሉ። ነገር ግን እነዚህ ጠባብ ቅጠል ካለው፥ ሰማያዊ ሉፒን ከሚባለው ሌላ ወገን ናቸው፤ ከጎጃም ግብጦ ጋራም አይዳቀሉም። የጎጃም ገበሬ የሚያውቀውን ፍሬ፥ የሚያውቀውን የመዝሪያ ጊዜና የሚያውቀውን ገበያ ይተኩለታል ማለት አይቻልም። ጣፋጩን ነጭ ሉፒን ከውጭ አምጥተን በግብጦ አገር መካከል ብንዘራው ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ነጭ ሉፒን በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ቢሆንም፥ ንቦች ከጥቂቱ አበባ ላይ የጎረቤትን ብናኝ ያመጣሉ። መራራነት ገዢ ስለ ሆነ፥ በአንድ ዓመት በጣፋጩ እርሻ የገባው የመራራ ብናኝ በሚቀጥለው ዓመት መራራ ተክል ሆኖ ይበቅላል። እንዲሁ እያለ ዘሩ ዓመት በዓመት ይመርራል። የከፋው ግን ሰው ‹ይህ ጣፋጭ ነው› ብሎ ሳይዘፈዝፍ መብላቱ ነው። የጥንቱ ግብጦ መራራነቱን ሁሉም ስለሚያውቅ ይጠነቀቁለታል፤ ጣፋጭ ተብሎ የተሸጠ መራራ ግን ቤተ ሰብን ያሳምማል።

ስለዚህ የሚገባው መንገድ ሦስት ነገር የያዘ ይመስለናል።

የመጀመሪያው የዘሩ መሰብሰብ ነው። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የዘር ማከማቻ፥ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲቲዩት የሚባለው፥ የአገርን ዘር ሲጠብቅ ኖሯል። ነገር ግን ዘር በከረጢት ቢቀመጥ ታሪኩ ከሌለ ግማሽ ሀብት ነው። የትኛው ግብጦ ቶሎ ይደርሳል? የትኛው ውርጭ ይችላል? የትኛው ለአረቄ፥ የትኛው ለመብል ይመረጣል? የትኛው በሦስተኛው ቀን፥ የትኛው በሰባተኛው ቀን መራራነቱን ይለቃል? ይህን የሚያውቁት የሰከላ፥ የቋሪትና የደጋ ዳሞት ገበሬዎችና እመቤቶች ናቸው። ካርታ ሠሪው የሚፈልገው መልክ ይህ ነው፤ መልኩን የሚነግረው ሰው ካጣ የመጽሐፉ ፊደል ብቻውን ምንም አይናገርም። በዚህ ሥራ የየአጥቢያው ካህናት ብዙ ሊረዱ ይችላሉ፤ በጾም ወራት በየቤቱ የሚበላውን፥ የየመንደሩን ሽማግሌ ዕውቀትም ከእነርሱ ይልቅ በቅርብ የሚያውቅ የለምና። ቃል የሚጽፍ ሰው በአጥቢያው ሲገኝ የገበሬው ዕውቀት ከገበሬው ስም ጋራ ይጻፋል፤ ባሕር ማዶ ደርሶ ቍጥር ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ሁለተኛው ካርታውን ራሳችን ማንበብ ነው። የጎጃምን ግብጦ ከጣፋጩ አዳቅሎ፥ ልጁን ደጋግሞ ከጎጃሙ ግብጦ ጋራ በማዳቀል፥ ከጣፋጭነቱ በቀር በሁሉ ነገር የጎጃም ግብጦ የሆነ ዘር ማውጣት ይቻላል። በቀድሞው መንገድ ይህ ረጅም ነው፤ ጣፋጭነት የተሰወረ ስለ ሆነ፥ በየደረጃው ጣፋጩ እስኪገለጥ ድረስ አንድ ተጨማሪ ትውልድ መጠበቅ ያስፈልጋል። ምልክቱን የሚያነብ ሰው ግን የተሰወረውን በቡቃያው ያየዋል፤ ዘመኑም በግማሽ ያህል ያጥራል። ለዚህ ሥራ አዲስ ከተማ መሥራት አያሻም። በአዴት የእርሻ ምርምር ማእከል፥ በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማእከል፥ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የቡሬ ግቢ ሰው አለን። የሚጐድለው ጥቂት መሣሪያ፥ የታወቀ በጀትና ሥራውን ለስምንት ወይም ለዐሥር ዓመት ሳያቋርጥ የሚጠብቅ ትእዛዝ ነው። ዘር አውጪን በየዓመቱ ፍሬህን አሳየኝ እያሉ ማስጨነቅ፥ የተከለውን ዛፍ በየማለዳው ነቅሎ ሥሩን እንደሚያይ ሰው መሆን ነው። ደግሞም በአገሩ ሰላም ካልጸና ለምርምር የሚወጣ ሰው፥ የተፈተነ ዘር ይዞ ወደ ገበሬው የሚወርድ ሠራተኛም አይኖርምና፥ የዚህ ሥራ መጀመሪያው መንገድ መከፈቱ ነው።

ጣፋጩ ዘር በተገኘ ጊዜም ለሁሉ ሰው በየቦታው መታደል የለበትም። አንድ ቀበሌ በሙሉ ተስማምቶ ጣፋጩን ብቻ የሚዘራበት፥ መራራውም በሩቅ የሚቈይበት ሥርዓት ያስፈልጋል። የሚዘራውም ዘር በየጊዜው ከተጠበቀ እርሻ መምጣት አለበት። በቡሬ የተቋቋመው የግብርና ማቀነባበሪያ የኢንዱስትሪ ፓርክ የግብጦን ዱቄት የሚቀበል ቢሆን፥ እህሉ በመግቢያው ሲመረመር መራራው ከጣፋጩ ይለያል፤ ገበሬውም ዘሩን ንጹሕ አድርጎ ስለ ጠበቀ የተሻለ ዋጋ ያገኛል።

ሦስተኛው መራራውን አለማጥፋት ነው። ይህን አጥብቀን ልናስታውስ እንወዳለን። በአውስትራልያ የሉፒን እርሻ በወደቀ ጊዜ የረዳው መራራው የባላገር ዘር ነበረ። ያን ዘር የኢትዮጵያ ገበሬ ‹ጣፋጭ መጣልኝ› ብሎ ቀድሞ ጥሎት ቢሆን ኖሮ፥ ሊቃውንቱ ሲፈልጉት ባላገኙት ነበር። ለአረቄውና ለደከመ መሬት ማረፊያ መራራው ይበቃል፤ ከብት በሚበዛበትና አጥር በሌለበት ስፍራም መራራው ይሻላል። ጣፋጩ ለመብል በሚሆንበት በታወቀ ስፍራ ይዘራ፤ መራራው በጥንት ስፍራው ይቈይ። ዛሬ ማንም የማይፈልገው ጠባይ ነገ ለማይታወቅ በሽታ መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

ስለ መብትም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 የአገርን ዘርና የማኅበረሰብን ዕውቀት ያለ ፈቃድ መውሰድን ይከለክላል፤ ከሚገኘውም ጥቅም ማኅበረሰቡ ድርሻ እንዲኖረው ያዝዛል። የጤፍ ነገር ለምን እንደሚያስፈልግ አስተምሮናል። ስለ ጤፍ ዱቄት አሠራር በሆላንድ ተሰጥቶ የነበረው የፓተንት መብት በሄግ ፍርድ ቤት የተሻረው በ2018 ነው፤ እስከዚያ ድረስ የነበረው ዓመት ግን በከንቱ አለፈ። ይሁን እንጂ አዋጅ ብቻውን ዘርን አይጠብቅም። የራሱን ዘር መጽሐፍ የማያነብ አገር፥ ሌላው ከእርሱ ዘር ምን እንዳነበበ ሊያውቅና ሊከራከር አይችልም። መዝጋት ብቻም አይበጅም፤ የአውስትራልያና የኤውሮፓ ሊቃውንት ያወጡት ካርታ ለሁሉ ታትሞ ለእኛም ጠቅሞናል። የሚያስፈልገው ከእነርሱ ጋራ በእኩልነት መሥራት፥ ስማችንንም ድርሻችንንም አስጽፎ መስጠት ነው።

‹ስንዴና በቈሎ እያለ ስለ ግብጦ መጨነቅ ለምንድር ነው?› የሚል ሰው አይጠፋም። ስንዴውና በቈሎው ማዳበሪያ ይፈልጋሉ፤ አሲዳማ በሆነው መሬት ላይ ደግሞ ኖራ ካልተጨመረበት ከማዳበሪያው ብዙው ሥራ ሳይሠራ ይቀራል። ከአገራችን የሚታረስ መሬት ከመቶ 40 እጅ የሚያህለው በዚህ አሲዳማነት የተነካ ነው፤ የጎጃም ደጋም ከተነኩት ዋናው ነው። ኖራና ማዳበሪያ በመኪና ይመጣሉ፥ በገንዘብ ይገዛሉ፤ ግብጦ ግን በዚያው መሬት ሥራውን በሥሩ ይሠራል። ስለዚህ የግብጦ ነገር ከስንዴውና ከበቈሎው ነገር የተለየ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የሚዘራው ስንዴ የሚበላው እርሱ ያለማውን መሬት ነውና።

እንግዲህ ነገሩ የሚመለከታቸው ሹማምንት፥ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲዘጋጅ፥ ለግብጦ መሰብሰብና ለዘሩ ምርምር የሚሆን የታወቀ መደብ ያኖሩ ዘንድ እናሳስባለን። ካህናቱም በየአጥቢያቸው ያለውን የግብጦ ዓይነትና የሽማግሌዎቹን ዕውቀት በመጻፍ ይረዱ ዘንድ እንለምናለን። ለዚህ ሥራ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ አይደለም። ካርታው ተሠርቷል፤ ከወላጆቹም አንዱ የእኛ ዘር ነው። የቀረው ማንበቡ ነው፤ እርሱንም የአገራችን ልጆች በሰከላ ደጋ እርሻና በአዴት መመርመሪያ ቤት ሊሠሩት ይችላሉ።